ቡ ቱኪናህ የዘጉት ዋይፋይ

በቡ ቱኪናህ (ቡ በአገሩ ቋንቋ እትዬ ማለት ነው) ቤት ውስጥ ከባላቸው ሞት በኋላ የቀረ ሰው አንድ ነው፤ እሱም ራሳቸው ቡ ቱኪናህ ናቸው። ከግድግዳው ወዲያ ግን ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ከማንጎው ዛፍ ሥር ባለው የቀርከሃ መቀመጫ ላይ ከጠዋት ጀምሮ በሞተር ሰው የሚያመላልሱ ሞተረኞች ይደረደራሉ፤ የሰፈሩ ሴቶች ልጅ ታቅፈው ግድግዳውን ይደገፋሉ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። የማያውቅ መንገደኛ ቢያይ፣ «እኚህ ሴት ምን ያህል ቢወደዱ ነው!» ማለቱ አይቀርም። የሚወደደው ግን ሳሎን ውስጥ ቁምሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ባለ ሁለት አንቴና ነጭ የዋይፋይ ማሽን ነው።

ነገሩ የጀመረው በለቅሶው ነው። ባላቸው ፓ ጊሚን፣ ጋሼ ጊሚን እንደማለት ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸንኮራ አገዳ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣትን ገና ሲለምዱት፣ አንድ ጠዋት «ደረቴን» አሉና ለማታ ሳይደርሱ ቀሩ። በመንደሩ ወግ ለሞተ ሰው ሰባት ምሽት በቤቱ ይጸለይለታል። ጎረቤቱ ሁሉ ጥቁር ቆቡን አድርጎ ይመጣል፤ ምንጣፉ ላይ ይደረደራል፤ ከጸሎቱ በኋላ ጣፋጭ ሻይ፣ ቴምፔ የሚባል የተጠበሰ የአኩሪ አተር ጥፍጥፍና የቅርንፉድ ሲጋራ ይቀርብለታል። እንግዳ አንድ ነገር ጎድሎበት ከሄደ ነውሩ ለሟቹ ይተርፋል። በዚያ ላይ መንደሩ በሁለት ኮረብታ መካከል ስለተሸጎጠ የስልክ መስመር ደካማ ነው። እናም በመጀመሪያው ምሽት አንዱ እንግዳ ስልኩን ወደ ጣሪያው አንስቶ ሲያንከራትት ያየው የፓ ጊሚን የእህት ልጅ፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል በወፍራም እስክሪብቶ ካርቶን ላይ ጽፎ ከሻይ ብርጭቆዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሻይ ያልተከለከለ ሰው ዋይፋይ ሊከለከል ነው? ሌላ አገር ቢሆን ሞኝነት በተባለ ነበር። እዚህ ግን ደንበኛ ጨዋነት ነው።

የይለፍ ቃሉ «ቱኪናህ ቆንጆ» የሚል ነበር። ያወጡት ፓ ጊሚን ናቸው፤ ለሚስታቸው ግን ነግረዋቸው አያውቁም። እንኳን የይለፍ ቃሉን፣ ቆንጆ መሆናቸውንም በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም፤ «ሾርባው ጨው በዛበት» ሲሉ ነው የኖሩት። ቡ ቱኪናህ የሻይ ትሪ ይዘው ሲወጡ ካርቶኑን አዩት። ወንዶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይውጣሉ። ትሪውን እንደያዙ ወደ ጓዳ ተመለሱና አለቀሱ። ሰው ሁሉ ለባላቸው ሞት ያለቀሱ መሰለው።

ሰባቱ ምሽት አለቀ፣ አርባው ወጣ፣ የመቶኛው ቀን ጸሎትም ተደረገ፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገባ። ሰውም እግሩን ሰበሰበ። የሰው እግር ቢረሳም ስልክ የገባበትን ቤት አይረሳም፤ አንዴ የቀመሰውን ዋይፋይ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ራሱ ፈልጎ ይገባል። ሞተረኛው ደንበኛ እስኪመጣ እዚያው አረፍ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ጓደኛው መጣ። ካርቶኑ ከግድግዳው ቢወርድም የይለፍ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ማዶ ሰፈር ድረስ ተሻግሯል። ወንዶቹ ሲቀባበሉት «ቱኪናህ...» ብለው ቀሪውን በፈገግታ ይጨርሱታል አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቡ ቱኪናህ ይህን የሰሙት ዘግይተው ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን እሳቸውን የናቀ ማንም የለም። ሁሉም ሲያያቸው ብድግ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ ቡ?» ይላል፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ይመለሳል። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ለገበያ የሚያቀርቡትን የኦቾሎኒ ቂጣ በዘይት እየጠበሱ በመስኮቱ ቀዳዳ ያዩዋቸዋል። ሩዝ ሲለኩ እጃቸው አሁንም ለሁለት ሰው ይሰፍራል፤ ግማሹን ለዶሮ ይበትኑታል። ከቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ ጋር መጨቃጨቅ ጀምረዋል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ፖኒራህ ግድግዳው ሥር ቆማ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ስታለቅስ አገኟት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«ድራማ ነው ቡ። ባልየው ሞቷል ብለው ቀብረውት፣ ዛሬ ከተፍ አለ።»

«ታድላ።»

ፖኒራህ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ ምን ነካኝ! ይቅርታ ቡ።»

«ምንም አይደል። ፀሐይ ላይ ምን አቆመሽ? ግቢና ቁጭ ብለሽ እዪው።»

«ኧረ አላስቸግርዎትም፣ እዚሁ ይበቃኛል።»

አላስቸግርዎትም አለች፣ የሰውን ዋይፋይ ከጠዋት እስከ ማታ እየጠጣች። ቡ ቱኪናህ ውስጣቸው ቢቃጠልም «እንደፈለግሽ» ብለው ፈገግ አሉ። በዚህ አገር እምቢ የሚል ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው ያለው፤ ሰው አፍ ላይ አይገኝም። የይሉኝታ ገመድ ሁሉንም አስሯል፤ ጎረቤት ግቡ ሲባል አይገባም፣ ባለቤትም ሂዱ ማለት አይችልም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ እሑድ ባይመጣ። እሑድ ሬትኖ የምትደውልበት ቀን ነው። ሬትኖ አንድያ ልጃቸው ናት፤ ታይዋን ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የዋሉ አሮጊት ታስታምማለች። የቤቱ ጣሪያም፣ ቁምሳጥኑም፣ ዋይፋዩም የእሷ ላብ ነው። አባቷ ሲሞቱ አሮጊቷ ሆስፒታል ስለነበሩ መምጣት አልቻለችም። ለመቶኛው ቀን እመጣለሁ አለች፤ መቶኛው ቀን ያለ እሷ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ቡ ቱኪናህ በየእሑዱ የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ነው፤ መልሱን ግን አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ሲሉ ምስሉ ይደርቃል። የሬትኖ አፍ ገርበብ እንዳለ፣ ዓይኗም እንደፈዘዘ ይቀራል፤ ከዚያ ይቋረጣል። ደግማ ስትደውል ወሬው ወደ ሌላ ነገር ሄዷል፣ እሳቸውም ወዲያው ደግመው መጠየቅ ያፍራሉ። ውጭ መቀመጫው ላይ ያሉት የኳስ ጨዋታ እያዩ ይጮኻሉ። ቡ ቱኪናህ ሰው ጠልተው አያውቁም ነበር፤ እሑድ ከሰዓት ላይ ግን ሞተረኛው ሁሉ ከነሞተሩ ገደል ቢገባ አይጠሉም።

በመጨረሻ ሻሻቸውን አስረው መገንጠያው ላይ የስልክ ሱቅ ወዳለው ወደ ትርስኖ ሄዱ። ትርስኖ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ የተሰበረ ስልክ ይጠግናል፣ ወሬም አያጣም።

«ዋይፋዬ ታሟል» አሉት።

«ምኑን ነው የሚያመው ቡ?»

«ልጄን አንድ ነገር ስጠይቃት ፊቷ እንደ ፎቶ ይደርቅብኛል።»

ትርስኖ ጭንቅላቱን አከከ። «ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?»

«እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቤት ውስጥ ነው የጠየቅከኝ? ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ።»

ትርስኖ ሳቀና ሱቁን ዘግቶ ተከተላቸው። ማሽኑን ከቁምሳጥኑ አወረደ፤ ፓ ጊሚን አቧራ እንዳይነካው ያለበሱትን የዳንቴል ጨርቅ ገለጠና ገለበጠው። ሆዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይሄ ማሽን ሁለት በር አለው» አለ። «አንደኛው ኢንተርኔት የሚገባበት ነው፤ እሱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው የአድሚን ነው፣ የባለቤቱ። እዚያ የገባ ሰው ስሙንም ቁልፉንም ይቀይራል፤ ቢፈልግ እርስዎን ራስዎን ያስወጣዎታል።»

«የሁለተኛው በር ቁልፍስ የት ነው?»

«ይኸው ተጽፏል። ስም አድሚን፣ ፓስዎርድም አድሚን። ከፋብሪካ እንደወጣ ማንም አልነካውም።»

«ይሄ ደግሞ ምኑ ቁልፍ ነው?»

«ዘበኛው ‹ማነህ?› ሲል ‹ባለቤቱ ነኝ› ያለውን ሁሉ አምኖ ያስገባል ማለት ነው።»

«ጊሚን እኮ በር ቆልፎ ደጋግሞ የሚነቀንቅ ሰው ነበር።»

«የእንጨቱን በር ነዋ ቡ፣ ይሄኛው መቼ ታየውና!»

ስልክዎን ያውጡና ራስዎ ይንኩት አላቸው። ዘይት የጠገበ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ከነነጥባቸው የድረ ገጽ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ አንድ በአንድ አስገቡ። ገጹ ተከፈተ፤ ማነሽ አላቸው፤ አድሚን አሉት፤ አስገባቸው። መጀመሪያ ያዩት በዚያች ሰዓት ማሽኑን እየተጠቀሙ ያሉትን ስልኮች ነው። ገጹን ሞልተው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ጣታቸው ቢገፋም አያልቁም። ብቻዬን ነኝ ሲሉ የከረሙት ሴት ይህን ያህል ሕዝብ ቤታቸው ውስጥ አገኙ።

«መጀመሪያ የባለቤቱን ቁልፍ እንቀይር» አለ ትርስኖ። «ያኛውን ቀይረን ይሄን ብንተወው በር ዘግቶ መስኮት መክፈት ነው። የልጅ ስም አይሆንም፣ የልደት ቀንም አይሆንም። የሬትኖን የልደት ቀን መንደሩ ከእርስዎ በላይ ያውቀዋል። ረዘም ያለ፣ ለእርስዎ ብቻ ስሜት የሚሰጥ ነገር ያስቡ።»

ትርስኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያሰቡትን ጻፉ። ምን እንደጻፉ እኔም አልናገርም፤ እንኳን ለእናንተ ለትርስኖም አልነገሩትም። ቀጥሎ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ያለ ይለፍ ቃል ሰው የሚያስገባውን ነገር አጠፉት። በመጨረሻ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ያለበት ገጽ መጣ። «ቱኪናህ ቆንጆ» ይላል፣ በፓ ጊሚን እጅ እንደገባ።

«ይሄን የግድ ማጥፋት አለብኝ?»

«ዋናው እኮ እሱ ነው ቡ።»

«ሌላ መላ የለውም?»

ትርስኖ የዳንቴሉን ጨርቅ አጥፎ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጠ። እሱም ካርቶኑን ያዩት እንግዶች መሐል ነበር። ቡ ቱኪናህ አንድ አንድ ፊደል እያጠፉ ከኋላ ወደ ፊት ሄዱ። መጀመሪያ ቆንጆ የሚለው ሄደ፤ ከዚያ ስማቸው። ባዶው ቦታ ላይ አዲሱን ጽፈው አስቀምጥ የሚለውን ተጫኑ። የማሽኑ መብራቶች ጠፉ፣ ቆይተው ተመለሱ።

ውጭ ጸጥ አለ። ከዚያ «እንዴ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ «ያንተም?» «የኔም!» እየተባባሉ ቀጠሉ። የትርስኖም ደረት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ድምፅ አሰማ። አውጥቶ አየውና ፊቱ ቀላ።

«አንተም?» አሉት።

«ለሥራ ብቻ ነው የምጠቀመው ቡ። እስከ ሱቁ ድረስ ጫፉ ይደርሰኛል።»

አዲሱን ልንገርህ ሊሉት ዳድቷቸው ተዉት። እሱም ሊጠይቅ ፈልጎ አፈረ። የኦቾሎኒ ቂጣ በፌስታል አስይዘው ሸኙት።

ጥቂት ቆይቶ ፖኒራህ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ቡ፣ ማሽኑን ምን ነካው?»

«እንጃ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ።»

«ይሆናል፤ ዝናብ ሲመጣ እንዲህ ያደርጋቸዋል» አለች ፖኒራህ። ከዘነበ ሰንብቷል። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እዚህ መንደር ጠብ የሚበርደው እንዲህ ነው።

ቡ ቱኪናህ ጎረቤቶቹ ተናደው እንዲጠይቋቸው፣ ወይም ደጁን አንኳኩተው «እባክዎ» እንዲሏቸው ይጠብቁ ነበር። ቢያንኳኩ ሻይ ሊያፈሉላቸውም አስበዋል። ማንም አላንኳኳም። በማግስቱ ሞተረኞቹ ዋይፋይ ወዳለው ወደ ኑድል ቤቱ ተዛወሩ፤ ሴቶቹም በየቤታቸው ገቡ። የቀርከሃው መቀመጫ ላይ ዶሮ ወጣችበት። የጎል ጩኸቱ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ፣ የቅርንፉድ ሲጋራው ሽታ አንድ ላይ ጠፉ። ቡ ቱኪናህ ቂጣቸውን እየጠበሱ በመስኮቱ ቀዳዳ ቢያዩ የሚያዩት የለም። ለካስ ሲያናድዳቸው የከረመው ያ ጫጫታ ጓደኛም ሆኗቸው ኖሯል። ይሁን አሉ። የፈለጉት የልጃቸውን መልስ ነውና እሑድን ጠበቁ።

እሑድ ከሰዓት ጥሩ ሻሻቸውን አሰሩ። ስልኩ ጠራ። የሬትኖ ፊት ብቅ ሲል ደነገጡ፤ እንዲህ ጥርት ብሎ አይተውት አያውቁም። ጆሮ ግንዷ አጠገብ ሽበት በቅሏል። ከኋላዋ የባቡር ጣቢያ ሰፊ አዳራሽ ይታያል፤ በዕረፍት ቀናቸው የወጡ የአገሯ ልጆች ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው ሩዝ ይበላሉ።

«እማ፣ በላሽ?»

«በላሁ ልጄ። አንቺስ? ከሳሽ እኮ።»

«ካሜራው ነው። ዛሬ ምን ተገኘና ነው? ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«አሠርቼው ነው።» ኩራት ቢጤ ተሰማቸው። «በራሴ እጅ።»

ሬትኖ ሳቀች። ስለ አሮጊቷ አወራች፤ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይጎርሱም፣ በሟች ልጃቸው ስምም ይጠሯታል። ስለ ቂጣው ዋጋ ጠየቀች። ስለ ዶሮዎቹም ጠየቀች። ወሬው እያለቀ ሲሄድ ቡ ቱኪናህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

ምስሉ ደረቀ። የሬትኖ አፍ ገርበብ እንዳለ፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቡ ቱኪናህ ወደ መስኮቱ ዞረው ያንን ሞተረኛ ሁሉ ሊራገሙ ሲሉ ውጭ ማንም እንደሌለ ትዝ አላቸው። ወደ ስልኩ ተመለሱ። ከሬትኖ ኋላ አንዲት ሴት ፌስታል አንጠልጥላ አለፈች። ሕፃን እየሮጠ መጣ፣ ወደቀ፣ አባቱ አነሳው። ወለሉ ላይ ያሉት ውሃ ይቀባበላሉ። አዳራሹ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ያልተነቃነቀችው ሬትኖ ብቻ ናት። ትንፋሿን ይዛ ተቀምጣለች። የዓይኗ ቆብ ተርገበገበ። እንባዋ ሞልቶ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። የደረቀ ምስል እንባውን አይጠርግማ።

ቡ ቱኪናህ አሁን ገባቸው። አትመጣም። አለመምጣቷን ለእናቷ መንገር የምትችልበት አፍ የላትም፤ እምቢ የሚለውን ቃል ማን አስተማራትና!

«ኧረ ተቆረጠ!» አሉ ጮክ ብለው፣ ልጅቷ እንድትሰማ። «ሬትኖ? ሬትኖ? አይሰማትም። ይሄ ማሽን ዛሬም አልዳነም።» ስልኩን ራሳቸው ዘጉት።

ቁምሳጥኑ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ ዛሬ ከደረቁት ምስሎች የትኛው የማሽኑ፣ የትኛው የልጃቸው እንደነበር ለመለየት ሞከሩ፤ አልቻሉም። አልተቆጧትም። ያቃጠላቸው ሌላ ነው። ከዚህ በፊት ስትደርቅ የምታሳብብበት ሰፈር ሙሉ ሰው ነበራት፤ አሁን ያንን ነጥቀው አፋጠጧት። ሲደክማት፣ ትንፋሿን መያዝ ሲያቅታት፣ መደወሉንም ትተወው ይሆናል ብለው ፈሩ።

በሳምንቱ ውስጥ ፖኒራህን በመስኮቱ ጠሯት። «ማሽኑ ተሽሎታል» አሏት፣ አዲሱንም የይለፍ ቃል ነገሯት። ለፖኒራህ የተነገረ ነገር ለመንደሩ እንደተነገረ ይቆጠራል። የባለቤቱን በር ቁልፍ ግን ለራሳቸው አስቀሩት። እሑድ ከሰዓት ሞተረኞቹ ተመለሱ፣ ሴቶቹም ልጆቻቸውን ታቅፈው መጡ፣ ኳስ ጨዋታውም ተጀመረ። ቡ ቱኪናህ መቀመጫው ሞልቶ ሰው መቆም እስኪጀምር ጠበቁና ሬትኖ ስትደውል አነሱት። በላሽ ተባባሉ። ስለ ዶሮዎቹ አወሩ። ካልጠየቋት ማወቃቸውን ታውቃለችና ጠየቋት፣ መቼ ነው የምትመጪው ልጄ ብለው።

ምስሉ ደረቀ። ከሬትኖ ኋላ የሚያልፈው ሰውዬ አንድ እግሩን እንዳነሳ አየር ላይ ቀርቷል። ቡ ቱኪናህ የሰውዬውን እግር አስተውለው ካዩ በኋላ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ያን እሑድ ሬትኖ አልዋሸችም።